የላፕቶፕ ፕሮሰሰር ወይስ የሰርቨር? ስለ ፍጥነት የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ሰርቨር መትከልና መንከባከብ መተዳደሪያዬ ስለሆነ፣ የላፕቶፕና የሰርቨር ፕሮሰሰር አቅም እንዴት እንደሚነጻጸር ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። መልሶቼ ሁሉ የሚነሡት ከአንድ አቋም ነው፤ ፕሮሰሰር የሚመዘነው በስሙ ወይም በጊጋኸርዙ ሳይሆን የራስዎን ሥራ ጀምሮ እስኪጨርስ በሚወስድበት ጊዜ ነው። ነገሩ በቁጥር እንዲታይ ሁለት ፕሮሰሰሮችን ደጋግሜ እጠቅሳለሁ። አንደኛው ኢንቴል በ2020 ያወጣው የላፕቶፕ ኮር አይ7-1165ጂ7 ሲሆን፣ 4 ኮር (ለየብቻ መሥራት የሚችሉ የፕሮሰሰሩ ክፍሎች) እና 8 ትሬድ (ኮሮቹ በአንድ ጊዜ የሚያስኬዷቸው የትዕዛዝ ሰልፎች)፣ 12 ሜጋባይት ካሽ (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ፈጣን ማስታወሻ) እንዲሁም እስከ 4.7 ጊጋኸርዝ የሚደርስ ፍጥነት አለው። ሁለተኛው በ2016 የወጣው የኢንቴል የሰርቨር ፕሮሰሰር ዜዮን ኢ5-2680 ቪ4 ነው፤ 14 ኮርና 28 ትሬድ፣ 35 ሜጋባይት ካሽ፣ ከ2.4 ተነሥቶ እስከ 3.3 ጊጋኸርዝ የሚደርስ ፍጥነት ያለውና የኃይል መጠኑ 120 ዋት የሆነ ነው። የዓመተ ምሕረቱ አቆጣጠር የፈረንጆቹ ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የእኔ ላፕቶፕ 4.7 ጊጋኸርዝ ይላል፤ መሥሪያ ቤታችን ያለው ዜዮን ሰርቨር ግን 2.4 ብቻ ነው የሚለው። ላፕቶፔ በእጥፍ ገደማ ይፈጥናል ማለት ነው? እንዲያ ከሆነ መሥሪያ ቤቱ ያን ሁሉ ገንዘብ ለምን አወጣ?

መልስ፦ ሁለቱ ቁጥሮች የሚናገሩት ስለተለያየ ነገር ነው። 4.7 የሚለው፣ ሙቀቱና የኃይል አቅርቦቱ እስከፈቀደ ድረስ፣ የላፕቶፕዎ አንድ ኮር ሊደርስበት የሚችለው ጣሪያ ነው። 2.4 የሚለው ደግሞ ሰርቨሩ ሁሉም ኮሮች በከባድ ሥራ ተጠምደው ሳለ ሌት ተቀን እንዲጠብቀው የተወሰነለት መነሻ ነው። ጣሪያውን ከጣሪያው ጋር ካስተያየን ንጽጽሩ 4.7 ለ3.3 ይሆናል፤ ልዩነቱም ከ40 በመቶ ጥቂት ይበልጣል።

ከዚህ ላይ የንድፍ ልዩነት ይጨመራል። ጊጋኸርዝ በሰከንድ ስንት ምት እንዳለ እንጂ በእያንዳንዱ ምት ስንት ትዕዛዝ እንደሚፈጸም አይነግረንም። ዜዮኑ የተሠራው ብሮድዌል በተባለው ንድፍ ነው፤ ከእርሱ በኋላ ስካይሌክ መጣ፤ ኢንቴል በ2019 ሰኒ ኮቭ የተባለውን ንድፍ ሲያስተዋውቅ ደግሞ በእኩል ጊጋኸርዝ ከስካይሌክ በአማካይ 18 በመቶ የበለጠ እንደሚሠራ አስታውቋል። የእርስዎ ላፕቶፕ የያዘው የሰኒ ኮቭን ተከታይ ነው። ስለዚህ በአንድ ኮር ብቻ የሚሠራ ሥራ ሲሆን ላፕቶፕዎ ሰርቨሩን በግልጽ ይቀድመዋል። ብዙ ሰው ይህን ለማመን ይቸገራል፤ በተለይ ለሰርቨሩ ግዢ የፈረመ ሰው።

ገንዘቡ የወጣው ለሌላ ጉዳይ ነው። ዜዮኑ እስከ 1.5 ቴራባይት ራም ይቀበላል፤ ላፕቶፑ 64 ጊጋባይት ላይ ይቆማል። ዜዮኑ ለዲስክና ለኔትወርክ ካርዶች 40 የፒሲአይ ኤክስፕረስ መስመሮች ሲኖሩት፣ ከላፕቶፑ ፕሮሰሰር በቀጥታ የሚወጡት 4 ብቻ ናቸው። ሠራተኛው በሙሉ ጠዋት ገብቶ ዳታቤዙን በአንድ ጊዜ ሲከፍት፣ አንዱ የወር ሪፖርት ሲያወጣ፣ ሌላው ፋይል ሲጭን፣ መጠባበቂያ ቅጂም ከበስተጀርባ ሲሠራ፣ 14ቱ ኮሮች ሥራውን ይከፋፈሉታል። ላፕቶፑ ይህን ጭነት ለተወሰነ ጊዜ ቢችለው እንኳ እያንዳንዱ ተጠቃሚ ተራ መጠበቅ ይጀምራል።

ጥያቄ፦ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ጽሑፌ በፓይተን የጻፍሁት የመረጃ ትንተና ላፕቶፔ ላይ ስለዘገየብኝ በዩኒቨርሲቲው ሰርቨር ላይ እንዲሠራ አደረግሁ። ሰርቨሩ 14 ኮር እያለው ከላፕቶፔም ብሶ ዘገየ። ሰርቨሩ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ሰርቨሩ ምንም አልሆነም፤ ከ14ቱ ኮሮች አንዱ ብቻ ሲሠራ 13ቱ ቆመው እያዩት ነው። የተለመደው ፓይተን በአንድ ፕሮሰስ (በሥራ ላይ ባለ አንድ ፕሮግራም) ውስጥ ምንም ያህል ትሬድ ቢፈጠር በአንድ ጊዜ የፓይተን ኮድ እንዲያስኬድ የሚፈቅደው ለአንዱ ብቻ ነው። በ2024 ከወጣው ከፓይተን 3.13 ጀምሮ ይህን ገደብ ያስወገደ ልዩ ቅጂ በአማራጭነት ተዘጋጅቷል፤ በዩኒቨርሲቲ ሰርቨር ላይ ተጭኖ የሚገኘው ግን አብዛኛውን ጊዜ የተለመደው ነው። ስለዚህ ያወዳደሩት የላፕቶፕዎን አንድ ፈጣን ኮር ከሰርቨሩ አንድ ዘገምተኛ ኮር ጋር ነው፤ ውጤቱም የሚጠበቀው ሆነ። ምጣዱ ቢበዛ አንዱ እንጀራ ቶሎ አይወጣም፤ መሶቡ ግን ቶሎ ይሞላል። እርስዎም መረጃውን ከፋፍለው ለየምጣዱ ማደል ይኖርብዎታል፤ ለዚህም መልቲፕሮሰሲንግ የተባለውን የፓይተን ሞጁል ይጠቀሙ።

ከፋፍለውም ቢሆን 14 እጥፍ ፍጥነት አይጠብቁ። ጂን አምዳል የተባለው የኮምፒውተር ንድፍ መሐንዲስ በ1967 እንዳሳየው፣ የፍጥነቱን ወሰን የሚያበጀው ሊከፋፈል የማይችለው የሥራው ክፍል ነው። ከፕሮግራምዎ 90 በመቶው ሊከፋፈል ቢችልና 10 በመቶው፣ ለምሳሌ ፋይሉን ማንበብና በመጨረሻ ውጤቱን ማጠቃለል፣ በተራ ብቻ የሚሠራ ቢሆን፣ በ4 ኮር የሚያገኙት 3.1 እጥፍ ያህል ነው፤ በ14 ኮር 6.1፤ በ64 ኮር 8.8። ሚሊዮን ኮር ቢደረድሩም 10 እጥፍ አይሞላም። ስለዚህ የትልቅ ሰርቨር ተራ ከመጠበቅ በፊት፣ በተራ የሚሠራውን 10 በመቶ ወደ 5 ለማውረድ መሞከር ብዙ ጊዜ የበለጠ ያተርፋል።

ጥያቄ፦ ላፕቶፔ ቪዲዮ ኤክስፖርት ሲያደርግ መጀመሪያ ላይ ይፈጥናል፤ ከዚያ እየቆየ ይንቀረፈፋል። ሰርቨር ላይ ግን እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ምክንያቱ ምንድን ነው?

መልስ፦ የላፕቶፕ ፕሮሰሰር ሁለት የኃይል ወሰን አለው፤ አንዱ ለአጭር ጊዜ፣ ሌላው ለዘለቄታው። የ15 ዋት ተብሎ የሚሸጥ ፕሮሰሰር አምራቹ በፈቀደለት መጠን ብዙ ጊዜ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ከ40 ዋት በላይ ሊጠቀም ይችላል፤ ጊዜው ሲያልቅ ወይም ሙቀቱ ሲንር ወደ 15 ይመለሳል። እርስዎ መጀመሪያ ላይ ያዩት ፍጥነት የዚያ የግማሽ ደቂቃ ፍጥነት ነው። ኃይሉ ሲቀነስ ፍጥነቱ በዚያው ልክ አይወድቅም፤ የሚባክነው ኃይል ከቮልቴጁ ካሬ ጋር ስለሚጨምር፣ የመጨረሻዎቹ ጥቂት ጊጋኸርዞች የሚበሉት ኃይል ከሚሰጡት ጥቅም እጅግ ይበልጣል። ለዚህ ነው ኃይሉ በግማሽ ቢወርድም ፍጥነቱ በግማሽ የማይወርደው።

ሰርቨር ከመነሻው የሚታቀደው ለዘለቄታው ወሰን ነው። ሽፋኑን ቢከፍቱ ከፊት ለፊት የተደረደሩ ወፋፍራም ማራገቢያዎች ያገኛሉ፤ ነፋሱም በፕላስቲክ ቦይ ተመርቶ በቀጥታ በፕሮሰሰሩ ማቀዝቀዣ ክንፎች መካከል ያልፋል። ጩኸቱ ሰው አጠገቡ ተቀምጦ እንዲሠራ ስለማይታሰብ ማንንም አላሳሰበም።

እዚህ ላይ አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው አንድ ነገር ልጨምር። ከተማዋ በአማካይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ የአየሩ ጥግግት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ስለዚህ አንድ ማራገቢያ በእኩል ዙር የሚያጓጉዘው ሙቀት እዚህ ያንሳል። አሽሬ የተባለው የአየር ማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር ኤ2 ብሎ በመደባቸው ሰርቨሮች ክፍል የሚፈቅደው ከፍተኛ ሙቀት 35 ዲግሪ ሲሆን፣ ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ እንዲቀነስ ያዛል። አስልተን ስናየው ለአዲስ አበባ 30 ዲግሪ ይደርሳል። ቀዝቃዛው የከተማችን አየር ሰርቨሩን ይታደገዋል ብለው ክፍሉን ያለ አየር ማቀዝቀዣ ዘግተው የሚተዉ መሥሪያ ቤቶች ይህን ቢያስቡበት ጥሩ ነው። ለላፕቶፕዎ ግን መፍትሔው ቀላል ነው፤ አቧራውን ያስጠርጉ፣ አልጋ ላይ አስቀምጠው አይሥሩ፣ ዕድሜው ከገፋም የሙቀት ማስተላለፊያ ቅባቱን ያስቀይሩ።

ጥያቄ፦ ስለ አሮጌው ዜዮን ነው የነገሩን። ዘመናዊዎቹ የሰርቨር ፕሮሰሰሮችስ ኮር ለኮር ላፕቶፕን አይበልጡም?

መልስ፦ በአብዛኛው አይበልጡም፤ ምክንያቱም ደስ የሚል የሒሳብ ጉዳይ ነው። ኤኤምዲ በ2022 መጨረሻ ላይ ያወጣው ኤፒክ 9654 96 ኮርና 384 ሜጋባይት ካሽ አለው፤ የኃይል መጠኑም 360 ዋት ነው። አስፈሪ ቁጥር ይመስላል። ለ96 ሲካፈል ግን ለአንድ ኮር የሚደርሰው 3.75 ዋት ነው፤ ከዚያውም ላይ ለሜሞሪና ለግብዓት መቆጣጠሪያው ክፍል ይቀነሳል። 28 ዋት የተመደበለት ባለ 4 ኮሩ አይ7-1165ጂ7 ግን ለእያንዳንዱ ኮር 7 ዋት አለው። የግዙፉ ሰርቨር ኮር ከላፕቶፕ ኮር ባነሰ ኃይል ነው የሚሠራው።

የሜሞሪውም ነገር እንዲሁ ነው። ኤፒኩ በ12 ቻናል (ከራም ጋር በሚያገናኙ መስመሮች) ዲዲአር5-4800 ራም በሰከንድ 460.8 ጊጋባይት ማንቀሳቀስ ይችላል፤ ለአንድ ኮር 4.8 ጊጋባይት ማለት ነው። ዜዮኑ በ4 ቻናል 76.8 ጊጋባይት ሲኖረው ለአንድ ኮር 5.5 ገደማ ይደርሳል። ሁለት ዲዲአር4-3200 ራም የተሰካበት ላፕቶፕ 51.2 ጊጋባይት ብቻ ቢኖረውም፣ ተካፋዮቹ አራት ስለሆኑ ለእያንዳንዱ 12.8 ጊጋባይት ይደርሰዋል። ከዚህ የሚገኝ ጠቃሚ ምክር አለ። ብዙ ላፕቶፖች የሚሸጡት አንድ ራም ብቻ ተሰክቶባቸው ነው፤ ያን ጊዜ ፍሰቱ ወደ 25.6 ይወርዳል። ባለ አንድ 16 ጊጋባይት ራም ላፕቶፕ ከመግዛት ሁለት ባለ 8 የተሰካበትን መምረጥ ያለ ተጨማሪ ወጪ የሚገኝ ፍጥነት ነው።

ይሁን እንጂ ኤፒኩን አናሳንሰው። 96 ኮር በአንድ ላይ ሲሠራ የትኛውም ላፕቶፕ አጠገቡ አይደርስም፤ 384 ሜጋባይቱ ካሽም ሌላው ወደ ራም የሚመላለስበትን መረጃ በቅርብ ይዞ ያስቀምጣል። በተጨማሪም ለሰርቨር ገበያ ጥቂት ኮርና ከፍ ያለ ጊጋኸርዝ ያላቸው ዓይነቶች ለይተው ይመረታሉ፤ ፈቃዱ በኮር ቁጥር የሚከፈልበት ሶፍትዌር የሚጠቀሙ ድርጅቶች የሚገዙት እነዚያን ነው።

ጥያቄ፦ የፕሮሰሰር ፍጥነት ከሚለኩት ፕሮግራሞች፣ ማለትም ከቤንችማርኮች፣ የትኛውን እንመን? አንዱ ሰርቨሩን ያስበልጣል፣ ሌላው ላፕቶፑን።

መልስ፦ ሁሉም የሚናገሩት እውነት ነው፤ የሚጠይቁት ጥያቄ ግን የተለያየ ነው። ሲኔቤንች ሥዕል ከፋፍሎ ስለሚሠራ ለብዙ ኮር ያደላል፤ አር23 የተባለው ቅጂ ሳይነኩት ከተዉት ለ10 ደቂቃ ያህል ስለሚደጋግም የላፕቶፕን ድካም ያጋልጣል። ጊክቤንች የሚጨርሰው በአጭር ጊዜ ስለሆነ ላፕቶፕ ሳይሞቅ ይገላገለዋል። ከዚህም በላይ በ2023 የወጣው ጊክቤንች 6 የብዙ ኮር ፈተናውን ለውጦ፣ ኮሮቹ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ቅጂ እንዲሠሩ በማድረግ ፈንታ አንዱን ሥራ እንዲጋሩት ስላደረገ፣ ባለ 64 ኮር ሰርቨር እዚያ ላይ የሚያገኘው ነጥብ ከሚገባው እጅግ ያነሰ ሆኖ ይታያል። ለግል ተጠቃሚ ይህ ፍትሐዊ ነው፤ ለሰርቨር ግዢ መወሰኛ ግን አይሆንም።

ለግዢ የሚያገለግለው ስፔክ ሲፒዩ 2017 ነው። ይህ መመዘኛ ሁለት መልክ አለው፤ ‹ስፒድ› አንድ ሥራ በምን ያህል ጊዜ እንደሚያልቅ፣ ‹ሬት› ደግሞ ብዙ ቅጂዎች ጎን ለጎን ሲሠሩ በአንድ ጊዜ ውስጥ ስንት ሥራ እንደሚያልቅ ይለካል። ሻጭ የስፔክ ቁጥር ሲያሳይዎ የትኛው እንደሆነ ይጠይቁት።

ጥያቄ፦ በራሴ ሥራ ለመለካት ብፈልግ እንዴት ላድርግ?

መልስ፦ በሊነክስ ላይ ከትዕዛዝዎ በፊት ‹ታይም› የሚለውን ትዕዛዝ ያስቀድሙ። ሥራው ሲያልቅ ሦስት መስመሮች ይወጣሉ። ‹ሪል› በግድግዳ ሰዓት ያለፈው ጊዜ ነው፤ ‹ዩዘር› ኮሮቹ በእርስዎ ፕሮግራም ላይ ያጠፉት ጊዜ ድምር፣ ‹ሲስ› ደግሞ ከርነሉ (የሥርዓተ ክወናው እምብርት) ስለ እርስዎ የሠራበት ነው። ለምሳሌ ሪል 1 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ፣ ዩዘር 7 ደቂቃ ቢል፣ 420ን ለ70 ሲያካፍሉ 6 ይመጣል፤ በአማካይ 6 ኮር ሠርቷል ማለት ነው። ዩዘርና ሪል እኩል ከሆኑ የሠራው አንድ ኮር ብቻ ስለሆነ ተጨማሪ ኮር መግዛት ገንዘብ መበተን ነው። ሪል ከሁለቱ ድምር እጅግ ከበለጠ ደግሞ ፕሮሰሰሩ ዲስክ ወይም ኔትወርክ ሲጠብቅ ነበር፤ ጥበቃው የዲስክ ከሆነ የሚገዛው ኤስኤስዲ የተባለው ፈጣን ዲስክ ነው። ደጋግመው ይለኩ፤ ፋይሉ በመጀመሪያው ዙር ከዲስክ፣ በቀጣዩ ከራም ስለሚነበብ የመጀመሪያውን ውጤት ለብቻው ይያዙት። ላፕቶፑ ቻርጀሩ ላይ መሰካቱንም አይርሱ፤ በባትሪ ሲሠራ ብዙዎቹ ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ።

ጥያቄ፦ ከሰርቨር የወጣ አገልግሎት የሰጠ ዜዮን የተገጠመለት ዴስክቶፕ በርካሽ አገኘሁ። ለአውቶካድና ለቪዲዮ ቅንብር ይሆነኛል?

መልስ፦ ለአውቶካድ አልመክርዎትም፤ አብዛኛው ሥራው በአንድ ኮር ላይ ስለሚሄድ አዲስ አይ5 ይሻልዎታል። ለቪዲዮ ነገሩ የሚወሰነው በሶፍትዌሩ ነው። ኢ5 ዜዮኖች በውስጣቸው የግራፊክስ ክፍል ስለሌላቸው ኢንቴል በላፕቶፕ ፕሮሰሰሮቹ ውስጥ የሚያስቀምጠው የቪዲዮ መጭመቂያ፣ ማለትም ክዊክ ሲንክ፣ የላቸውም፤ ስክሪን ለማየት እንኳ የግራፊክስ ካርድ ያስፈልጋል። ብሌንደርን በመሰለ ሥዕል በሚያበስል ሥራ ላይ ግን ለዋጋው የሚመጥን ሌላ ማግኘት ያስቸግራል። የመብራት ፍጆታውን ግን ከዋጋው ላይ ደምሩበት።

ጥያቄ፦ ዜዮን ሁሉ የሰርቨር ነው?

መልስ፦ አይደለም። ኢንቴል በ2015 ዜዮን ኢ3-1505ኤም ቪ5ን ለላፕቶፕ አውጥቷል፤ ባለ 4 ኮር ነው። በዘመኑ ከነበሩት የላፕቶፕ አይ7ዎች የሚለየው በዋናነት ስሕተት አራሚ ራም፣ ማለትም ኢሲሲ፣ በመቀበሉ ነው። ኢሲሲ ፍጥነት አይጨምርም፤ እንዲያውም በጥቂቱ ይቀንሳል። የሚሰጠው፣ በራም ውስጥ አንድ ቢት ቢገለበጥ የደመወዝ ሠንጠረዡ ላይ ያለው ቁጥር ማንም ሳያውቅ እንዳይለወጥ የሚያደርግ ዋስትና ነው።

ጥያቄ፦ ከክላውድ ባለ 2 ቪሲፒዩ (ምናባዊ ፕሮሰሰር) ማሽን ተከራየሁ። ከላፕቶፔ 2 ኮር ጋር እኩል ነው?

መልስ፦ እኩል አይደለም። በአማዞን ክላውድ የኢንቴልና የቀደሙት የኤኤምዲ ማሽኖች ላይ አንድ ቪሲፒዩ በአብዛኛው አንድ ትሬድ ነው፤ 2 ቪሲፒዩ ማለት ሁለት ትሬድ የሚያስኬድ 1 ኮር ነው። ግራቪተን በተባሉት የኤአርኤም ማሽኖች ላይ ግን አንዱ ቪሲፒዩ አንድ ሙሉ ኮር ነው። ርካሾቹን ሲመርጡ ደግሞ ይጠንቀቁ፤ ቲ3 ማይክሮ ለምሳሌ ለእያንዳንዱ ቪሲፒዩ የሚሰጠው መነሻ 10 በመቶ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ የሚሠራው ባጠራቀመው ክሬዲት ነው፤ ክሬዲቱ ሲያልቅ እንደ ምርጫዎ ወይ ፍጥነቱ ይወርዳል ወይ ተጨማሪ ይከፈልበታል። ለጥቂት ደቂቃ የተሞከረ ቲ3 ማይክሮ ከላፕቶፕ ጋር ሲወዳደር ባያሳፍርም፣ ሰዓታት በሚፈጅ ሥራ ላይ ንጽጽሩ ይገለበጣል።

ጥያቄ፦ ለትንሽ ክሊኒካችን የታካሚ መዝገብ ሰርቨር መግዛት አቅማችን አልፈቀደም። አሮጌ ላፕቶፕ እንደ ሰርቨር ብንጠቀም ነውር አለው?

መልስ፦ የፕሮሰሰሩ ነገር ፈጽሞ አያሳስባችሁ። ጥቂት ሰዎች የሚከፍቱት የመዝገብ ዳታቤዝ ለባለ 4 ኮር ላፕቶፕ ቀላል ነው፤ እንዲያውም እያንዳንዱ ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ኮር ስለሚፈጸም ከአሮጌ ሰርቨር ፈጥኖ ሊመልስ ይችላል። መብራት ሲጠፋም ባትሪው ያሻግረዋል፤ ሰርቨር ይህን የሚያገኘው ለብቻው በሚገዛ ዩፒኤስ ነው። የሚጎድለው ሌላ ነው። ኢሲሲ ራም የለውም፤ አንድ ዲስክ ቢበላሽ የሚተካው ሁለተኛ ዲስክ በአብዛኛው የለውም፤ ሌት ተቀን ቻርጀር ላይ የሚውል ባትሪም ከጊዜ በኋላ ሊያብጥ ይችላል። ባዮሱ (ላፕቶፑ ሲነሣ የሚከፈተው የማስተካከያ ገጽ) የሚፈቅድ ከሆነ የባትሪውን መሙያ ወሰን 80 በመቶ ላይ ያድርጉት። መዝገቡንም በየዕለቱ ከላፕቶፑ ውጭ ወዳለ ዲስክ ይገልብጡ፤ ዲስኩም ሌላ ክፍል ውስጥ ይቀመጥ።

ጥያቄ፦ ሁለት ፕሮሰሰር የተገጠመለት ሰርቨር ባለ አንዱን እጥፍ ይፈጥናል?

መልስ፦ ብዙ ነጻ ሥራዎች ካሉት ወደ እጥፍ ይጠጋል፤ አንድ ትልቅ ሥራ ከሆነ ግን አንዳንዴ ጭራሽ ሊዘገይ ይችላል። እያንዳንዱ ፕሮሰሰር የራሱ ራም አለው፤ የሌላውን ራም ሲፈልግ በሁለቱ መካከል ባለው መስመር መሻገር ስላለበት ይዘገያል። ዳታቤዙ በአንዱ ፕሮሰሰር ላይ እየሠራ መረጃው በሌላው ራም ላይ ከተቀመጠ ይህ መመላለስ በየቅጽበቱ ይከፈላል። በሊነክስ ‹ኑማ ሲቲኤል› በተባለው ትዕዛዝ ፕሮግራሙንና ራሙን ከአንዱ ፕሮሰሰር ጋር አስረው ይለኩ፤ ከዚያም ሳያስሩ ይለኩ። የታሰረው ከፈጠነ ሁለተኛውን ፕሮሰሰር ለሌላ ቨርቹዋል ማሽን ይልቀቁት።